ከሞተ ኮምፒውተር የወጣው የአባቴ መጽሐፍ

ኮምፒውተራችን የሞተው ማክሰኞ ቀን ከምሳ በኋላ ነው። ጠዋት የሄደው መብራት ድንገት ተመልሶ መጣ፤ አመጣጡ ግን የደህና አልነበረም። አምፖሎቹ አንዴ ቦግ ብለው ፈዘዙ፣ ከአባቴ ክፍል "ጧ!" የሚል ድምፅ ተሰማ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ተከተለ፣ ከሽታው ኋላ አባቴ መነጽሩን በእጁ ይዞ ወጣ።

"ሞተ" አለ።

እናቴ ሳሎን ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። "ማን?" ብላ ሰፌዱን ለቀቀችው። በእሷ ዕድሜ "ሞተ" የሚል ቃል የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ነጠላውን የት እንዳስቀመጠ ነው።

"ኮምፒውተሩ።"

"ኧረ አንተ ሰውዬ! ልቤን እኮ አወለቅከው!" ብላ ምስሯን ከመሬት ማፈስ ጀመረች። ሁለት እፍኝ ያህል እንዳፈሰች ግን ነገሩ ገባትና ከቀድሞው በባሰ ድምፅ ጮኸች፤ "መጽሐፉስ?"

ስለ መጽሐፉ ለማስረዳት ስለ አባቴ መናገር አለብኝ። አባቴ አርባ ዓመት ሙሉ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር። አራዳ፣ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ጃንጥላ ተክሎ፣ የጽሕፈት መኪናውን የለስላሳ ሳጥን ላይ አስቀምጦ የአገር እሮሮ ወረቀት ላይ ሲያሰፍር ኖሯል። ሙያው ልቅሶን ወደ ሕግ ቋንቋ መቀየር ነው። አንዲት ሴት መጥታ "ያ ውሻ ሜዳ ላይ ጥሎኝ ሄደ" ብላ ስትነፋረቅ፣ እሱ ፊቱን እንኳ ሳያጨማድድ "ተጠሪ ያለ በቂ ምክንያት የጋራ መኖሪያ ቤቱን ለቆ የሄደ ስለሆነ" ብሎ ይጽፍላታል። ሴትየዋም ሲነበብላት ዕንባዋን ጠርጋ "ልክ እንደሱ ነው ያደረገኝ" ትላለች።

ወገቡ እምቢ ሲለው ጃንጥላውን አጥፎ ቤት ገባ። ቤት የገባ ወንድ ምን ያህል እንደሚያስቸግር የሚያውቅ ያውቀዋል። የምስር አለቃቀም ላይ አስተያየት መስጠት ሲጀምር እናቴ "አንድ ነገር አድርጊልኝ" አለችኝ። ያኔ ገና አላገባሁም ነበር። ሥራ እንደያዝኩ የገዛሁትን ትልቁን ኮምፒውተር ትንሿ ክፍል ውስጥ ተከልኩለትና ማብራትና ማጥፋት አስተማርኩት። አንድ ወዳጁ ደግሞ ቁልፎቹን እንደ ድሮው የጽሕፈት መኪና የሚያደርግ ጥንታዊ የአማርኛ መጻፊያ ጫነለት። ከዚያ በኋላ ማንንም አልፈለገም። በየቀኑ ምሳ በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ክፍሉን ከውስጥ ይዘጋና ሁለት ሰዓት ሙሉ ጣ ጣ ጣ ያደርጋል።

"ምንድነው የምትጽፈው?" ስንለው መልሱ አንድ ነበር፤

"ታሪኬን።"

እናቴ ደግሞ አትክልት ተራ ሽንኩርት በጅምላ ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት። ሹክሹክታዋ ሦስት ቤት ያልፋል። በአንድ ሳምንት ውስጥ አፍንጮ በር ላይ ባሏ መጽሐፍ እየጻፈ መሆኑን ያልሰማ ሰው አልነበረም። በተለይ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ሐጂ ወሬውን እንደ ግል ጉዳያቸው ያዙት። ሐጂ የወሎ ሰው ናቸው፤ ጨርቅ ነጋዴ፣ የአባቴ የሠላሳ ዓመት የሻይ ጓደኛ።

"እኔስ አለሁበት?" ብለው ጠየቁት አንድ ቀን።

"አለህ ሐጂ" አለ አባቴ ዓይኑን ከሻዩ ሳያነሳ። "በሰፊው አለህ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐጂ አንገታቸውን ቀና አድርገው መሄድ ጀመሩ። አንዳንዴም ወሬ መሀል ቆም ብለው "ይቺን ያዛት፣ ለመጽሐፉ ትሆንሃለች" ይሉታል።

እንግዲህ የሞተው ይህን ሁሉ የተሸከመ ኮምፒውተር ነው። የገረመኝ አባቴ ነበር። እናቴ ደረቷን ስትመታ፣ ሐጂ "ኢንና ሊላሂ" እያሉ በአጥሩ ሲንደረደሩ፣ እሱ ሶፋው ላይ ተደላድሎ፦

"ይቅር። እግዜር ካልፈቀደው ምን ይደረጋል" አለ።

እግዜር ላይ እንኳ በሁለት ቅጂ አቤቱታ ከማስገባት የማይመለስ ሰው! ቅስሙ ቢሰበር ነው አልኩ። አሳዘነኝም። ከሦስት ዓመት በፊት ትዳሬ ፈርሶ ሁለት ሻንጣ ይዤ ወደዚህ ቤት ስመለስ ያለኝ ቃል "መጣሽ?" ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ጉዳዩ አንድ ቃል ተንፍሶ አያውቅም። ዝምታውን እንደ ቅያሜ ቆጥሬው ኖሬያለሁ። ስለዚህ መጽሐፉን ባወጣለት አንድ ነገር የማስተካክል መሰለኝ።

በማግስቱ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ለሚያውቅ ባልደረባዬ ነገርኩት። "ቀላል ነው" አለኝ። "ሳጥኑ ቢቃጠል ሃርድ ዲስኩ ላይቃጠል ይችላል። ጽሑፉ ያለው እሱ ውስጥ ነው። ነቅለሽ አውጪውና የሃርድ ዲስክ ኬዝ ግዢለት። እዚያ ውስጥ ትከቺዋለሽ፣ በገመድ ላፕቶፕሽ ላይ ትሰኪዋለሽ፣ እንደ ፍላሽ ይከፈታል።"

በጣም ቀላል ነው ያሉኝ ነገር ሁሉ ምን እንደሚያደርገኝ እያወቅኩ፣ ከሥራ ስወጣ ከቴዎድሮስ አደባባይ ዝቅ ብሎ ቻርጀርና የጆሮ ማዳመጫ ከሚሸጥ ሰው አንድ ኬዝ ገዛሁ። የሲጋራ ፓኮ የምታክል፣ የምታምር ጥቁር ነገር ናት። ቤት ገብቼ ትልቁን ሳጥን በካቻቢቴ ፈታሁት። ውስጡ አቧራ፣ አንድ የጠፋ የአባቴ ቁልፍና ቤተሰብ መሥርቶ የኖረ በረሮ አገኘሁ። ሃርድ ዲስኩን ነቅዬ ሳወጣው ጡብ ያክላል። ክብደቱም የጡብ ነው።

አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር። ጡቡን አየ፣ ፓኮዋን አየ።

"እግሩ አርባ አራት፣ ጫማው ሠላሳ ስድስት" አለ። በሳምንቱ ውስጥ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። "ተይው ልጄ። የሞተ ነገር አይቀሰቀስም።"

"አወጣልሃለሁ አባዬ። ግዴለህም።"

ሳቁ ቆመ።

ቅዳሜ ጡቡን በፎጣ ጠቅልዬ ፒያሳ ወጣሁ። ባልደረባዬ አንድ ጥሩ ሠሪ ጠቁሞኝ ነበር፤ ችግሩ አድራሻው ነው። ፒያሳ አሁን አድራሻ የሚነገረው በሌሉ ነገሮች ነው። "ድሮ ወርቅ ቤቱ የነበረበት፣ ከፈረሰው ኬክ ቤት ፊት ለፊት፣ የጫማ ሱቁ ሳይነሳ በነበረበት በኩል" ይሉሻል፤ አንቺ ደግሞ ሰፊ የእግረኛ መንገድና አዲስ የመብራት ምሰሶ እያየሽ የጫማ ሱቁን በሐሳብሽ ትሠሪያለሽ። አንድ ሊስትሮ ጠየቅኩ፤ "ነበረ" አለኝ። አንድ ፓርኪንግ የሚያስከፍል ሰውዬም "ነበረ" አለኝ። ሦስተኛው ሰው ግን የተረፈ ሕንፃ ጠቁሞኝ ምድር ቤት ወረድኩ።

ሠሪዋ ሴት ናት። ሐምሳ ሊሞላት ትንሽ የቀራት፣ ጥቁር ሻሽ ያሰረች፣ ጥፍሯ ላይ ሂና፣ ግንባሯ ላይ ማጉያ መነጽር ያላት ሴት። ባንኮኒው ላይ ፎጣዬን ስፈታ ማኪያቶዋን አስቀምጣ አየችኝ።

"ምነው የኔ እናት፣ ሕፃን ነው?"

"ሃርድ ዲስክ ነው። ኬዝ ገዛሁለት፣ አልገባም።" ፓኮዋን አወጣኋት።

ሴትዮዋ ኬዟን በሁለት ጣቷ አንስታ አየቻትና ቀስ ብላ አስቀመጠቻት። ሙድ ልትይዝብኝ እንደሆነ ነቄ ብያለሁ። "ይቺ የላፕቶፕ ናት" አለች። "ያንቺ የትልቁ ኮምፒውተር ነው። ይቺ ሕፃን ይህን ጎረምሳ ልታዝል? ለሱ ትልቅ ኬዝ ያስፈልገዋል፣ የራሱ መብራት ያለው። ከላፕቶፕ በሚለቀም ኃይል አይነሳም። ግድግዳ ላይ ተሰክቶ መብላት አለበት።"

"ልክ እንደ ቀድሞ ባሌ" አልኩ ሳላስበው።

ሳቀች። ከዚያ በኋላ ወዳጅ ሆንን። ከመደርደሪያ አንድ ወፍራም የብረት ሣጥን አወረደች፤ ከኋላው ሁለት ቀዳዳ፣ አንዱ ለመብራት፣ አንዱ ለኮምፒውተር። ክዳኑን ስባ ጡቡን አንሸራትታ አስገባችው። ቀጭ ብሎ ገጠመ። አራት ብሎን አሰረችበት።

"ምንድነው ያለው ውስጡ?"

"የአባቴ መጽሐፍ።"

"አላህ ያውጣው። አብሽሪ፣ እንዲህ ያሉ ብዙ ነቅለናል። አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ።" ማጉያውን ወደ ግንባሯ መለሰችው። "ከዚህ የሚወጣው ሁሌ የፈለግሽው ብቻ አይደለም። አንዱ የሠርጉን ቪዲዮ አውጪልኝ ብሎኝ፣ የሌላ ሴት ፎቶ ወጥቶ እዚሁ ባንኮኒ ላይ ነው ከሚስቱ ጋር የተፋቱት።"

"አባቴ ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው" አልኳት።

"እሱም ስልሳ ስምንቱ ነበር።"

እሁድ እናቴ ሳሎኑን ለምርቃት አዘጋጅታ ጠበቀችን። ጠረጴዛው ላይ አዲስ የጠረጴዛ ልብስ፣ በአንድ ሰሃን ቆሎ፣ ሐጂ ደግሞ የአረፋን ኮታቸውን ለብሰው፣ ከሱቃቸው አንድ ሣጥን ብስኩት ይዘው መጥተዋል። ስለ ራሳቸው ሊሰሙ ነውና። አባቴ ብቻ ኮፍያውን አድርጎ በሩ አጠገብ ቆሟል።

"ወዴት ነው?" አለችው እናቴ።

"ቤተ ክርስቲያን ልሳለም።"

"ጠዋት ሄደህ የለም?"

"ጠዋት ሰው በዝቶ ነበር።"

"ተቀመጥ!" አለችው፣ አትክልት ተራ ሽንኩርት የሚያወርዱላትን ሰዎች በምታዝበት ድምፅ። ተቀመጠ።

አንዱን ገመድ ግድግዳው ላይ፣ ሌላውን ላፕቶፔ ላይ ሰካሁ። ሣጥኑ ሰማያዊ መብራት አበራና ውስጡ የሆነ ነገር መሽከርከር ጀመረ። ሐጂ "ይተነፍሳል!" አሉ። ላፕቶፑ ሣጥኑን ለየው። የአባቴን ማኅደር ፈልጌ ልከፍት ስል ግን ስክሪኑ ላይ አንድ ጽሑፍ ወጣ፤ ይህን ለመክፈት ፈቃድ የለዎትም የሚል። ለሁሉም ተረጎምኩት።

አባቴ ከመቀመጫው ብድግ አለ። "አያችሁ! ፈቃድ የለሽም እያለ ነው። ፈቃድ ከሌለ የለም ነው። ሕግ እኮ ነው፣ ዝም ብሎ አይጣስም!"

"ከሥሩ 'ቀጥል' የሚልም አለ አባዬ።"

"እሱ ለባለቤቱ ነው!"

"ኮምፒውተሩ የኔ ነው እኮ" አልኩና "ቀጥል" የሚለውን ተጫንኩ። ተከፈተ። "ታሪኬ" የሚል አንድ ማኅደር፣ ውስጡ በተርታ የተደረደሩ ፋይሎች፤ መዝገብ አንድ፣ መዝገብ ሁለት፣ እያለ እስከ መቶ ምናምን ይወርዳል። እናቴ እልል አለች። "መቶ ምዕራፍ!"

መዝገብ አንድን ከፈትኩት። የወጣው አማርኛ አይደለም፤ ቁጥር፣ ጭረት፣ የተገለበጠ የጥያቄ ምልክት፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ የገንዘብ ምልክት የሚመስል። የእናቴ እልልታ መሀል ላይ ቀረ። የአባቴ ፊት ግን በራ።

"በቃ ተበላሽቷል" አለ። "ምን ይደረጋል። ብስኩቱን እንብላ።"

እኔ ግን ጥንታዊው የአማርኛ መጻፊያ ትዝ አለኝ። ፊደሉ ላፕቶፔ ላይ ስለሌለ ነው እንጂ ጽሑፉ ደህና ነው። ፊደሉ ደግሞ ያለው እዚያው ሃርድ ዲስክ ውስጥ ነው። ሩብ ሰዓት ያህል ስበረብር አገኘሁት፣ ከነመጻፊያው ላፕቶፔ ላይ ጫንኩት፣ ፋይሉን ዘግቼ ከፈትኩት። ጭረቶቹ ሁሉ "ሀ ሁ" ሆነው ተሰለፉ።

"አንብቢ" አለች እናቴ እጇን አጣጥፋ።

እኔም ድምፄን ሞርጄ አነበብኩ፤

"ለሚመለከተው ሁሉ። ጉዳዩ፦ የጋራ ብርድ ልብስ በተናጠል ተይዞ ስለመገኘቱ። አመልካች፦ ባል። ተጠሪ፦ ሚስት።"

አባቴ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። እኔም አፌ አላቆመም፤

"አመልካች ከተጠሪ ጋር በሕጋዊ ጋብቻ ተሳስረን ስንኖር አርባ ዓመት ያለፈን ሲሆን፣ በጋብቻችን ዘመን በጋራ ያፈራነውን አንድ ብርድ ልብስ ተጠሪ እንቅልፍ እንደወሰዳት ወደ ራሷ ጠቅልላ የምትይዝ በመሆኑ አመልካች ለብርድ፣ ለጉንፋንና ለወገብ ሕመም ተዳርጌ እገኛለሁ። ጉዳዩን በሰላም ለመጨረስ ብርድ ልብሱን በተደጋጋሚ ብጎትትም፣ ተጠሪ በክርኗ የምትመልሰኝ ስለሆነ ስምምነት ላይ ሊደረስ አልቻለም።"

መጀመሪያ የፈነዱት ሐጂ ናቸው። ብስኩቱ ትን ብሏቸው፣ ዕንባቸው እየወረደ፣ ኮታቸውን በእጃቸው ይመታሉ። እናቴ አልሳቀችም።

"ቀጥዪ" አለች። "ሌላው ምን ይላል?"

መዝገብ ሁለት፦ "ተጠሪ በስልክ ስትነጋገር ስልኩ አላስፈላጊ ስለመሆኑ።" መዝገብ ሦስት፦ "አመልካች የሚናገረውን ታሪክ ተጠሪ ከመሀል ነጥቃ ስለመጨረሷ።" መጽሐፍ የለም። ታሪክ የለም። አባቴ በየቀኑ ከምሳ በኋላ በሩን ዘግቶ ሲከሰን ነው የኖረው።

"የኔን ፈልጊ! የኔን!" አሉ ሐጂ ዓይናቸውን እየጠረጉ። ሰው የራሱ ተራ እንደሚደርስ ለምን እንደሚረሳ አላውቅም። የእሳቸው መዝገብ አሥራ አንድ ላይ ነበር።

"ጉዳዩ፦ አንድ ደረጃ የጎደለው መሰላል ስለመረከቤ። ተጠሪ በጉርብትና መንፈስ የተዋሰውን ባለ ዘጠኝ ደረጃ መሰላል፣ ሁለት ረመዳን ካሳለፈ በኋላ ባለ ስምንት ደረጃ አድርጎ የመለሰ ሲሆን፣ ስለ ዘጠነኛው ሲጠየቅ 'ድሮም ስምንት ነበር' በማለት ክዷል።"

ሳቃቸው ተቋረጠ። "ስምንት ነበር እኮ" አሉ ወደ እኔ ዞረው።

"መዝገብ አሥራ ሁለትም የእርስዎ ነው" አልኳቸው። "ጉዳዩ፦ ተጠሪ ደሴ ላይ ከጅብ ያመለጠበትን ታሪክ ለአሥራ ሰባተኛ ጊዜ እንደ አዲስ ስለመናገሩ። በመጀመሪያው ጊዜ አንድ የነበረው ጅብ በአሁኑ ሰዓት አራት ደርሷል።"

ሐጂ ብስኩታቸውን አስቀመጡ። አባቴን ትክ ብለው አዩት።

"ይህን ሁሉ ሆድህ ውስጥ ይዘህ ነው ከኔ ጋር ሻይ የምትጠጣው?"

አባቴ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አዞረው። ከዚያ፣ እንደ ተከሳሽ ሳይሆን እንደ ደከመው ሰው፦

"ሆዴ ውስጥ ቢሆን ኖሮማ እንዴት እጠጣ ነበር?" አለ። "እዚያ ጽፌ እጨርሰውና ወጥቼ ካንተ ጋር እጠጣለሁ። ለማንም አልላክሁት። አርባ ዓመት የሰው አቤቱታ ጻፍኩ ሐጂ፤ የባልና ሚስቱን፣ የወንድማማቹን፣ የጎረቤቱን። የኔን የሚጽፍልኝ ሰው ግን አልነበረም። ሁሉም የኔ ደንበኛ ነው፣ እኔ የማን ደንበኛ ልሁን?"

ሐጂ ኮታቸውን አስተካከሉ። ጥቂት ካሰቡ በኋላ "ጅቦቹ ሁለት ነበሩ" አሉ። "አራት ያልኩት ሰው ሲሰማኝ ነው።"

እኔ ዝርዝሩን ወደ ታች እያንሸራተትኩ ነበር። አንዱ ፋይል ላይ ዓይኔ ቆመ። ሌሎቹ በቁጥር ብቻ ሲጠሩ ይህኛው "የልጄ ጉዳይ" ይላል። አባቴ ጣቴ የቆመበትን አየ።

"እሱን ተይው" አለ።

"ለምን? የኛ ሲነበብ የሷ ለምን ይቀራል?" አለች እናቴ። "አንብቢው!"

ከፈትኩት። ስለ ትዳሬ ባልነግረውም ሁሉንም የሚገምት ይመስለኝ ነበር፤ በአርባ ዓመት ውስጥ የእኔን ዓይነት ስንት ሴት ፊቱ ተቀምጣ አልቅሳለች። ስለ እኔ የጻፈውን በሰው ፊት ማንበብ አልፈለግኩም፤ ማቆምም አልቻልኩም።

"ጉዳዩ፦ የእግድ ትእዛዝ እንዲሰጥ ስለመጠየቅ። ተጠሪዎች፦ ጎረቤቶች፣ ዘመዶች፣ የዕድር ሴቶችና ባለቤቴ። የአመልካች ልጅ በዛሬው ዕለት ሁለት ሻንጣ ይዛ ወደ ቤቷ የተመለሰች ሲሆን፣ ተጠሪዎች ገና ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ 'ምን ሆና ነው? ማን አጥፍቶ ነው?' በማለት መጠየቅ ጀምረዋል። ልጄ የመጣችው ሰው ቤት ሳይሆን ቤቷ ነው። ሰው ወደ ቤቱ ሲገባ ምክንያት አይጠየቅም። ስለሆነም ተጠሪዎች ከዚህ በኋላ ለምን መጣሽ ብለው እንዳይጠይቋት፣ አመልካችም ራሴ ጭምር እንዳልጠይቃት የእግድ ትእዛዝ እንዲሰጥልኝ በማክበር አመለክታለሁ።"

ፋይሉ የተጻፈበትን ቀን አየሁት። የተመለስኩ ዕለት ነው። "መጣሽ?" ብሎኝ ገብቶ በሩን የዘጋው ይህን ሊጽፍ ነበር።

"እኔም ተጠሪ ነኝ?" አለች እናቴ። ድምፅዋ እንደ ቅድሙ አልነበረም።

"አንቺማ ዋናዋ ነሽ" አላት።

እኔ አፍንጫዬን ልጠርግ ወደ ጓዳ ገባሁ። ስመለስ አባቴ ኮፍያውን እያሻሸ መሬት መሬት ያያል፤ ልጠመጠምበት አሰብኩ፣ ግን በቤታችን ያልተለመደ ነገር ስለሆነ እንዳይደነግጥ ፈርቼ ትከሻውን ብቻ ይዤ ተቀመጥኩ። ያን ያህል ከማልቀሴ በፊት የሚቀጥለውን ፋይል ማየት ነበረብኝ፤ "ጉዳዩ፦ የአመልካች ልጅ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ስለምታሳልፈው ጊዜ" ይላል፤ ሁለት ገጽ ሙሉ፣ ደቂቃው ሁሉ ተመዝግቦ።

ሐጂ ስለ መሰላሉ ነገ እንደሚነጋገሩ ቃል ገብተው ሲወጡ (በማግስቱ እውነትም አንድ ጣውላ ይዘው መጥተው ዘጠነኛውን ደረጃ ራሳቸው መቱት፤ ትንሽ ዘምሟል) እናቴ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

"አንድ ሰው ሲከሰስ መልስ አይሰጥም?" አለች።

"ይሰጣል" አለ አባቴ ተጠንቅቆ። "በሕግ የተጠበቀ መብት ነው።"

"እኔም መልስ አለኝ። ጻፍልኝ።"

"እኔ? እንዴት ይሆናል! ከሳሹ እኔ ሆኜ? የጥቅም ግጭት አለበት።"

"አትክልት ተራ ስንት ዓመት ከፀሐይ ጋር ስጋጭ ማን ጠየቀኝ? አንተ ጸሐፊ ነህ፣ እኔ ደንበኛ ነኝ። ጻፍ!"

አባቴ እኔን አየኝ። እኔ ላፕቶፑን ወደ እሱ አዞርኩለት። ወንበሩን አስጠግቶ መነጽሩን አደረገ፤ ጀርባው ቀጥ አለ፣ ፊቱም ያን ከጃንጥላው ሥር የማውቀውን ፊት ሆነ።

"እሺ፣ እናት፣ ምን ደረሰብሽ?" አላት።

"ያንኮራፋል" አለች እናቴ። "እንደ ወፍጮ ነው የሚያንኮራፋው። ብርድ ልብሱን የምጠቀለለው ጆሮዬን ልሸፍን ነው።"

አባቴ ሁለት ቃል ጻፈና አቆመ። "'ያንኮራፋል' ደካማ ነው" አለ። "በዚህ አትረቺም። 'አመልካች የጋራ መኝታ ቤቱን ሰላም በሚያደፈርስ ከፍተኛ ድምፅ' እንበል። ደግሞ ምክንያቱን አያይዢ። ብርድ ልብሱን የያዝሽው በባለቤትነት ሳይሆን ራስን በመከላከል ነው።"

"እሱን ነው ያልኩት!"

"አላልሽም፤ አሁን ግን ብለሻል። ስለ ክርኑስ?"

"ክርኔ የት እንዳለ ተኝቼ እንዴት አውቃለሁ?"

"ግሩም ነው" አለና በፍጥነት መታው። "'ተጠሪ በእንቅልፍ ላይ እያለች ለተፈጸመ ድርጊት የሐሳብ ክፍል ስለሌለ በኃላፊነት ልትጠየቅ አይገባም።' ምስክር አለሽ?"

እናቴ ወደ እኔ ጠቆመች። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ማንኮራፋቱን በየዕለቱ እሰማለሁና ምስክር ተራ ቁጥር አንድ ሆኜ ተመዘገብኩ። እንዲህ እየተባባሉ አንድ ሰዓት ተኩል ቆዩ። እሷ ትናገራለች፣ እሱ ያጠናክራል፤ አንዳንዴ እሷ ልታልፈው የፈለገችውን "ይህቺን አትተይ፣ እሱን የምትጥዪው በሷ ነው" እያለ ራሱን በራሱ ላይ ያስታጥቃታል። ቆሎው አልቆ ብስኩቱን መሀላቸው አደረግኩላቸው።

ሲጨርስ ከላይ እስከ ታች በዝግታ አነበበው። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ነበር። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ወደ ኋላ ተደገፈ።

"ምነው?" አልኩት።

"ጠንካራ መልስ ነው" አለ። "በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ መልስ አልጻፍኩም። እኔ የከሳሹ ጠበቃ ብሆን ክሱን አንሳ ነበር የምለው።"

"እና ታነሳለሃ?" አለች እናቴ።

"አላነሳም" አለና ፋይሉን ላፕቶፔ ላይ ለማስቀመጥ የት እንደሚጫን ጠየቀኝ።